ለአነስተኛ የታፔላ ሥራ የሚሆን የስቲከር መቁረጫ ማሽን፣ ቪኒልና ሶፍትዌር እንዴት ይመረጣል?

ጀማሪው፦

ሰላም ለሁላችሁም። እስካሁን የታፔላና የስቲከር ሥራ የምሠራው ዲዛይኑን ራሴ እያዘጋጀሁ፣ ቆረጣውን ግን ለሌሎች እያሠራሁ ነበር። ከማገኛቸው ሥራዎች አብዛኞቹ በሱቅ መስታወት ላይ የሚለጠፉ ጽሑፎች፣ የቢሮ በር ስሞችና አልፎ አልፎም በመኪና በር ላይ የሚለጠፉ የድርጅት ስሞች ናቸው። ለእያንዳንዷ ትንሽ ሥራ የሌላ ሰው ወረፋ መጠበቅ ስለሰለቸኝ የራሴን መቁረጫ ፕሎተር ለመግዛት ወስኛለሁ።

ከፊቴ ያሉት አማራጮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ለቤት ውስጥ የእጅ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ 12 ኢንች ስፋት ያለው ትንሽ ማሽን ነው። ሁለተኛው ብዙም የማይታወቅ አምራች የሠራው፣ አዲስና 24 ኢንች የሆነ፣ በስቴፐር ሞተር የሚሠራ ፕሎተር ነው። ሦስተኛው ከታወቀ አምራች የወጣ፣ በሰርቮ ሞተር የሚሠራ፣ ነገር ግን ያገለገለ ባለ 24 ኢንች ማሽን ነው። የትኛው ይሻለኛል? ለእነዚህ ሥራዎችስ ምን ዓይነት ቪኒል (ስቲከሩ የሚቆረጥበት ባለሙጫ የፕላስቲክ ፊልም) ልያዝ? ዲዛይን የምሠራው በኢንክስኬፕ ሲሆን፣ ጽሑፎቼ በአብዛኛው በአማርኛ ስለሆኑ ሌላ ሶፍትዌር መግዛት ያስፈልገኝ እንደሆነም ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ባለፕሎተር፦

በመጀመሪያ 12 ኢንቹን ከዝርዝርዎ ያውጡት። ማሽኑ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ለስጦታ ዕቃና ለትንንሽ ስቲከር የተሠራ በመሆኑ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ስፋት የሱቅ መስታወት ጽሑፍ መሥራት ማለት እያንዳንዱን ሥራ ቆራርጦ መልሶ መገጣጠም ማለት ነው። በዚያ ላይ ከእነዚህ ማሽኖች አንዳንዶቹ ከአምራቹ ሶፍትዌር ውጭ አይሠሩም። ክሪከት የተባለው ኩባንያ በ2021 እ.ኤ.አ. ወርሃዊ ክፍያ የማይከፍሉ ደንበኞች ወደ ሶፍትዌሩ የሚያስገቡትን የራሳቸውን ዲዛይን በወር በ20 ሊገድብ መሆኑን አስታውቆ፣ ከተጠቃሚዎች ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው ሐሳቡን ትቶታል። ሐሳቡ ቢቀርም፣ የዕለት እንጀራዎ የተመሠረተበትን ማሽን ሌላ ሰው ከሩቅ ሆኖ ሊወስንበት እንደሚችል ማወቁ ለምርጫ ይረዳል።

በቀሩት ሁለቱ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ፍጥነት አይደለም። ስቴፐር ሞተር በታዘዘው ልክ መዞሩን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም፤ ጥቅሉ ቢከብደውና አንድ እርምጃ ቢዘል ምንም እንዳልሆነ ቆጥሮ መቁረጡን ይቀጥላል። ሰርቮ ሞተር ግን የት እንደደረሰ ኢንኮደር በሚባል መዞሩን በሚለካ መሣሪያ እየተከታተለ ራሱን ያርማል። በአንድ ሜትር ጽሑፍ ላይ ይህ ልዩነት ላይታይ ይችላል፤ ሦስትና አራት ሜትር በሚረዝም ሥራ ላይ ግን የፊደሉ መነሻና መድረሻ ሳይገናኝ ሊቀር ይችላል። በተጨማሪም ስቴፐሩ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ክብ ነገር ሲቆርጥም ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጥርስ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ስል በስቴፐር ማሽን ለዓመታት ጥሩ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸውን ሳልዘነጋ ነው። እነርሱ ማሽኑ ከጥቅሉ በቀጥታ እንዲጎትት አይፈቅዱለትም፤ የሚፈለገውን ርዝመት አስቀድመው ተርትረው ያላሉለታል፣ ፍጥነቱንም ዝቅ ያደርጋሉ።

የእኔ ምርጫ ያገለገለው ሰርቮ ነው፤ ነገር ግን ሳይፈተን አይገዛም። በምላጩ ፈንታ እስክሪብቶ አስገብተው፣ ወደ ሦስት ሜትር የሚረዝም ቀጭን አራት ማዕዘን ሁለት ጊዜ በተመሳሳይ መስመር ላይ እንዲስል ያድርጉት። ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው አንድ መስመር ከመሰሉ ማሽኑ ቪኒሉን ሳያንሸራትት እየያዘ ነው። እየሄዱ ከተራራቁ ከላይ የሚጫኑት ጎማዎች አልቀዋል፣ ወይም ከሥር ያለው ሸካራ ዘንግ በሙጫና በወረቀት ብናኝ ተሸፍኗል። ብናኙ በብሩሽ ይጠረጋል፤ ያለቀ ጎማ ግን መለዋወጫ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ለዚያ ሞዴል መለዋወጫ አሁንም መመረቱን ያጣሩ። ምላጩ የሚሄድበትን ነጭ ቁራጭ ንጣፍም በጣት ይዳስሱት፤ ጥልቅ ቦይ ከተሰማዎት ምላጩ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ስለሚሰምጥ ቆረጣው ወጥ አይሆንም። ንጣፉ በቀላሉ የሚለወጥ ነገር በመሆኑ ግዢውን አያስቀርም፤ ለዋጋ ድርድር ግን ይጠቅማል።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ በጽሑፍ መረጃው ላይ ይመልከቱ። ማሽኑ የሚቆርጠው ስፋትና የሚያስገባው ስፋት የተለያዩ ናቸው። ቪኒል እንደ አምራቹ አገር በ61 ወይም በ63 ሴንቲ ሜትር ስፋት ተጠቅልሎ ስለሚመጣ፣ ሁለቱንም የሚያስገባ ማሽን ከራስ ምታት ያድናል። ሌላው ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከማሽኑ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ነው፤ ሜካኒኩ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አሁን ላለው ዊንዶውስ ድራይቨር ስለሌለው ብቻ ጥግ ላይ የተቀመጠ ፕሎተር ብዙ ነው።

ፊልምና ሙጫ፦

ባለፕሎተር ስለ ማሽኑ የጻፉትን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ደንበኛ ተመልሶ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በማሽኑ ሳይሆን በቪኒሉ ምክንያት ስለሆነ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ቪኒል በአሠራሩ ሁለት ወገን ነው። ካሌንደርድ የሚባለው ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ የጋለ ሊጥ ሆኖ በብረት ሲሊንደሮች መካከል እየተጨመቀና እየተሳበ የሚሠራ ነው። ስለተሳበ ወደነበረበት የመመለስ ጠባይ አለው፤ ሙቀት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይኮማተራል። ካስት የሚባለው ግን ፈሳሽ ሆኖ በስሱ ከፈሰሰ በኋላ በምድጃ የሚደርቅ ስለሆነ ያን ውጥረት አይሸከምም፤ 50 ማይክሮን አካባቢ ስለሚሆንም በመኪና በር ላይ ባሉ ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ካሌንደርዱ ራሱ ደግሞ ሞኖመሪክና ፖሊመሪክ ተብሎ ይከፈላል። ልዩነቱ ፒቪሲውን በሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር ላይ ነው፤ በሞኖመሪኩ ውስጥ ያለው ትንንሽ ሞለኪውል ስለሆነ በቶሎ ከፊልሙ እየወጣ ያልቃል፣ ፊልሙም ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። በአንዳንድ አሮጌ ታፔላዎች ላይ በፊደሎቹ ዙሪያ አቧራ የያዘ ጥቁር የሙጫ ክር አይተው ከሆነ፣ ያ ክር ፊደሉ ከመኮማተሩ በፊት የነበረበት ቦታ ነው።

ለእርስዎ ሥራዎች በምሳሌ ላስረዳ። የጀርመኑ ኦራፎል ከሚያመርታቸው መካከል ኦራካል 651 የሚባለው ካሌንደርድ ነው፤ ለጠፍጣፋ ታፔላና ለመስታወት ጽሑፍ በሰፊው ይሠራበታል። አምራቹ ለጥቁርና ለነጭ ቀለም እስከ 6 ዓመት የሚደርስ የውጭ ዕድሜ ይሰጠዋል። ኦራካል 751 ካስት ሲሆን የሚሰጠው ዕድሜ እስከ 8 ዓመት ነው። ኦራካል 631 ደብዛዛ ገጽና የሚላቀቅ ሙጫ ያለው፣ ለውስጥ ግድግዳና ለጊዜያዊ ሥራ የሚሆን ነው። ሌሎች ትልልቅ አምራቾችም ተመሳሳይ ደረጃዎች አሏቸው፤ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ደረጃውን ይጠይቁ።

እነዚህን ዓመታት ለደንበኛ ቃል ከመግባትዎ በፊት የመረጃ ወረቀቱን ታችኛውን መስመር እንዲያነቡ አደራ እላለሁ። ዕድሜው የተለካው በቀጥታ በቆመ ገጽ ላይ ለተለጠፈና ለመካከለኛው አውሮፓ የአየር ጠባይ ነው። ፀሐይ በሚበረታበት ቦታ፣ ይልቁንም እንደ መኪና ኮፈን ወደ ሰማይ በተዘረጋ ገጽ ላይ፣ ዕድሜው በእጅጉ ያጥራል። ቀይና ቢጫ ቀለሞች ደግሞ ከጥቁር ቀድመው ይደበዝዛሉ።

ከዚህ የተነሣ የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ለመስታወትና ለጠፍጣፋ ታፔላ ፖሊመሪክ ወይም ደህና ደረጃ ያለው ካሌንደርድ ይያዙ፤ ለመኪና በር ካስት ይጠቀሙ፤ ሞኖመሪኩን ለጥቂት ወራት ብቻ ለሚቆይ ማስታወቂያ ይተዉት። አንዳንድ ባለሙያዎች ጠፍጣፋ በሆነ የመኪና ክፍል ላይ ካሌንደርድ ይበቃል ይላሉ። ጽሑፉ በእርግጥ ከጎድጓዳ መስመሮቹ ውጭ ከሆነ አልከራከራቸውም፤ ችግሩ ዲዛይኑ በኮምፒውተር ላይ ሲታይ ጠፍጣፋ የመሰለው በር ሊለጥፉበት ሲቀርቡ ጠፍጣፋ ሆኖ አለመገኘቱ ነው።

ሙጫ የማይወዳቸውን ገጾችም ይወቁ። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲኮች ተራ ሙጫን አይቀበሉም፤ ለእነርሱ የተዘጋጀ ጠንካራ ሙጫ ያለው ፊልም ያስፈልጋል። ፖሊካርቦኔትና አክሪሊክ ደግሞ አዲስ ሲሆኑ ጋዝ ስለሚያወጡ ከቪኒሉ ሥር አረፋ ሊፈጥሩ ይችላሉ። በግድግዳ ላይ ከሆነ በቅርቡ የተቀባ ቀለም በደንብ እስኪደርቅ መታገሥ ይገባል። እንዲታጠብ ተብሎ የተሠራ ቆሻሻ የማይይዝ ቀለም ግን ቢደርቅም ቪኒል አይይዝም፤ አስቀድሞ ትንሽ ቁራጭ ለጥፎ ማየት ነው።

ጀማሪው፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፕሎተር እንዳሉት ያገለገለውን ማሽን ሄጄ ፈተንኩት። የእስክሪብቶው ፈተና ጥሩ ነበር፤ ሁለቱ መስመሮች እስከ መጨረሻው አልተለያዩም። ሆኖም ምላጭ ገብቶ ቪኒል ሲቆረጥ የአራት ማዕዘኑ ማዕዘኖች ክብ ብለው ወጡ፤ መነሻና መድረሻውም በጥቂቱ ሳይገናኝ ስለቀረ ሳነሣው በዚያች ቦታ ተቀደደብኝ። ሻጩ የማሽኑ ግፊት አንሶ ነው ብሎ ግፊቱን ሲጨምረው ደግሞ የጀርባ ወረቀቱ ጭምር ተቆረጠ። ይህ የማሽኑ ብልሽት ነው ወይስ የአስተካከል ጉዳይ?

ባለፕሎተር፦

የእስክሪብቶው ፈተና ካለፈ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የነገሩን ምክንያት ምላጩ ጋር ይፈልጉት።

በእነዚህ ፕሎተሮች ውስጥ ያለው ምላጭ በሞተር አይዞርም። መያዣው ውስጥ በልቅ ይሽከረከራል፤ ጫፉም ከመሃል ዘንጉ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ እንደ ተሽከርካሪ ወንበር የፊት ጎማ፣ የሚጎተትበትን አቅጣጫ ይከተላል። ይህ ርቀት ኦፍሴት ይባላል። በብዙ ምላጮች ላይ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥም የሚያንስም ስላለ የምላጩን ማሸጊያ ማየት ያስፈልጋል። ለማሽኑ የተነገረው ቁጥር ከእውነተኛው ካነሰ ማዕዘኖቹ ክብ ይሆናሉ፣ መስመሩም ሳይዘጋ ይቀራል፤ ከበለጠ ደግሞ በማዕዘኖቹ ላይ ወደ ውጭ የወጣች ትንሽ ጆሮ ትታያለች። ከገለጹት ስነሣ ያኛው ማሽን ላይ የተሞላው ቁጥር ያነሰ ይመስላል። ጫፉ የተሰበረ ወይም መያዣው ውስጥ በብናኝ ተይዞ በነፃነት የማይዞር ምላጭም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፤ ስለዚህ ምላጩን አውጥተው መያዣውን ያጽዱና ጫፉን በማጉያ መነጽር ይመልከቱት።

ግፊትን በተመለከተ ሻጩ ያደረገው ብዙዎች የሚያደርጉት ነው። ቆረጣ አልሳካ ሲል ግፊት ከመጨመር በፊት መታየት ያለበት ምላጩ ከመያዣው ምን ያህል እንደወጣ ነው። ለተለመደ ቪኒል መውጣት ያለበት ከፊልሙ ውፍረት ጥቂት ያለፈ ብቻ ነው፤ በዓይን ሲታይ ጫፉ የመኖሩ ያህል ብቻ ብልጭ ይላል። ብዙ ከወጣ የትኛውም የግፊት ቁጥር አያድነውም፤ ወይ ወረቀቱን ይበሳል፣ ወይ ፊልሙን ይዞ ይሸበሽባል። መውጫውን ካስተካከሉ በኋላ ግፊቱን ከዝቅተኛ ጀምረው፣ እያንዳንዱን ጊዜ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን እየቆረጡ ከፍ ያድርጉት። ለተራ ካሌንደርድ ቪኒል ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ግራም ባለው ውስጥ ይገኛል፤ ካስት ስስ ስለሆነ ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ትክክለኛው ቦታ ላይ መድረስዎን የሚያውቁት ቁራጩን አንሥተው የጀርባ ወረቀቱን በብርሃን ላይ ዘንበል አድርገው ሲያዩት ነው፤ ምላጩ ያለፈበት መስመር ለጥ ባለው ገጽ ላይ እንደ ጭረት ይታያል፣ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን በጥፍር ሲነኩት ግን ምንም አይሰማም።

የ45 ዲግሪ ምላጭ ለዕለት ሥራዎ ይበቃል። 60 ዲግሪው ለወፍራምና ለአንጸባራቂ ፊልም ነው፤ ጥቃቅን ፊደል የበዛበት ሥራ ላይም ይረዳል፣ ጫፉ ግን ቶሎ ይሰበራል።

ቬክተር፦

ስለ ሶፍትዌሩ ማንም አልመለሰም፤ እኔ ልሞክር። ኢንክስኬፕ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ለዲዛይኑ ሌላ መግዛት አያስፈልግዎትም። አብዛኞቹ ፕሎተሮች የሚሰሙት ኤችፒጂኤል የተባለውን የቆየ ቋንቋ ነው፤ ትእዛዞቹ በመሠረቱ ብዕሩን አንሣ፣ አውርድ፣ ወደዚህ ነጥብ ሂድ የሚሉ ናቸው። ኢንክስኬፕም በዚህ ቋንቋ ፋይል ማውጣትና በቀጥታ ወደ ማሽኑ መላክ ይችላል። የቋንቋው አንድ ነጥብ 0.025 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ኢንች ውስጥ 1016 ነጥቦች አሉ። የቆረጡት ነገር በስክሪን ካዩት ሲያንስ ወይም ሲበልጥ መጀመሪያ ይህ ቁጥር በሶፍትዌሩ ውስጥ በትክክል መሞላቱን ያረጋግጡ።

በቀጥታ መላኩ ለጽሑፍ ሥራ ያገለግላል። ሥራ ሲበዛ ግን እንደ ሳይንከት ፕሮ ወይም ቪኒልማስተር ያለ የመቁረጫ ሶፍትዌር ጊዜ ይቆጥባል፤ ቁርጥራጮቹን ቪኒል በማያባክን ሁኔታ ይደረድራል፣ ረጅም ሥራ ይከፋፍላል፣ ትርፉ ቪኒል በቀላሉ እንዲነቀል በዙሪያው የመቁረጫ ሳጥን ያሠምራል። ኢንክካት የሚባል ነፃ አማራጭም አለ። የኔ አስተያየት መጀመሪያ በነፃው መሥራትና የሚያስቸግርዎት ነገር ተለይቶ ሲታወቅ መግዛት ነው።

አማርኛውን በተመለከተ ጽሑፉ ወደ ማሽኑ ከመሄዱ በፊት ወደ መስመር መለወጥ አለበት፤ ማሽኑ ፎንት አያውቅም። ከዚያም የተነካኩትን ቅርጾች ሁሉ በዩኒየን ትእዛዝ አንድ ያድርጓቸው፤ አለበለዚያ ሁለት ፊደላት ወይም ፊደልና ጌጥ በተደራረቡበት ቦታ ምላጩ ሁለቱንም ጠርዝ ስለሚቆርጥ መሃላቸው ይከፈላል። የመስመር ውፍረት ሰጥተው የሳሉት ነገር ካለም ወደ ቅርጽ ይለውጡት፤ ማሽኑ ውፍረቱን አያይም፣ የመሃል መስመሩን ብቻ ይቆርጣል።

የፎንት ምርጫ እዚህ ከውበት ያለፈ ጉዳይ ነው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የብዕር አጣጣል የሚታይበት፣ ወፍራምና ቀጭን የሚፈራረቅበት ፊደል ነው። በትልቁ ሲቆረጥ ያምራል፤ በትንሹ ሲቆረጥ ግን ቀጫጭን ጫፎቹ ትርፉ ሲነቀል አብረው ይነሣሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወጥ ውፍረት ስላለውና በብዙ የውፍረት ደረጃ ስለሚገኝ ለስልክ ቁጥርና ለአድራሻ ይሻላል። ሁለቱም በነፃ ፈቃድ የሚሰጡ ናቸው። ምንጊዜም በሚቆረጥበት ልክ አድርገው የፊደሉን ቀጭን ቦታ ይለኩ፤ ከ1 ሚሊ ሜትር ካነሰ ፎንቱን ይቀይሩ ወይም ጽሑፉን ያሳድጉ። የአማርኛ ፊደል ዋና ፈተናው ቀለበቶቹ ናቸው፤ የ«ሬ» እና የ«ቄ» ቀለበት ውስጥ ያለችው ነጥብ የምታክል ቪኒል ሳትነቀል ስትቀር ከሩቅ ላያስታውቅ ይችላል፣ ደንበኛው ግን ቀርቦ ያያታል።

ደንበኛ ከስልኩ የሚልከውን የሎጎ ፎቶ በራስ ሰር ትሬስ ማድረግን (ሶፍትዌሩ ፎቶውን ራሱ ወደ መቁረጫ መስመር እንዲለውጠው ማድረግን) በተመለከተ ደግሞ አጭር ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ከትንሽ ምስል የሚወጣው መስመር በሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች ስለሚኖሩት ማሽኑ እየተንቀጠቀጠ ይቆርጣል፣ ጠርዙም ሻካራ ይሆናል። ቀላል ሎጎ ከሆነ በእጅ እንደገና መሳሉ ይፈጥናል።

ጀማሪው፦

ማሽኑን በተባለው መንገድ አስተካክለን በድጋሚ ሞክረነዋል፤ ኦፍሴቱ 0.25 ሲደረግ ማዕዘኖቹ ተስተካከሉ። ልገዛው ነው። ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ይቀሩኛል። መስታወት ላይ ስለጥፍ በውሃ ልጠቀም ወይስ በደረቁ? ሌዘር ማሽን ያለው ወዳጄ ደግሞ ጥቃቅን ፊደላቱን በእርሱ ማሽን ልንቆርጣቸው እንደምንችል ነግሮኝ ነበር፤ ይቻላል?

ፊልምና ሙጫ፦

ከሁለተኛው ልጀምር፦ በፍጹም አያድርጉት። ቪኒል ፒቪሲ ነው፤ በሌዘር ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ሳንባን ይጎዳል፣ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝም አሲድ ሆኖ የማሽኑን ብረትና ሌንስ ይበላል። ይህን ለወዳጅዎም ይንገሩት።

መስታወትን በተመለከተ ፊልሙና የማስተላለፊያ ቴፑ (የተቆረጡትን ፊደላት በአንድነት ይዞ ወደ መስታወቱ የሚያሻግረው ቴፕ) የሚፈቅዱ ከሆነ ትልቅና አንድ ወጥ ለሆነ ቅርጽ ውሃ ይረዳል። በውሃው ውስጥ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨመራል፤ ቅርጹን አንሸራትቶ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ለተበታተነ ጽሑፍ ግን ደረቁን እመርጣለሁ፤ ውሃ ከገባ ቴፑን ለማንሣት ረጅም ጊዜ መጠበቅ ስለሚያስፈልግ ጥቃቅኖቹ ፊደላት ከቴፑ ጋር ይነሣሉ። መስታወቱን መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ አጥበው፣ በመጨረሻ ክር በማይለቅ ጨርቅ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉበት፤ የሚያበራ ነገር የተጨመረበት የመስታወት ማጽጃ የሚተወው ስስ ሽፋን ሙጫውን ያደክመዋል። ከዚያ ጽሑፉን በቦታው ለክተው መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች በወረቀት ቴፕ ይያዙት፤ አንዱን ወገን አጥፈው የጀርባ ወረቀቱን ላጥ አድርገው ይቁረጡ፤ በስኩዊጂ (ጠፍጣፋ መጫኛ) ከመሃል ወደ ዳር እየጫኑ ይለጥፉ፤ ከዚያ የወረቀት ቴፑን አንሥተው ሌላውን ወገን እንዲሁ ያድርጉ። የማስተላለፊያ ቴፑን ሲያነሡ ወደ ራስዎ አይሳቡት፤ ወደ ኋላ አጥፈው ከመስታወቱ ጋር ተኝቶ እንዲሄድ አድርገው ይጎትቱት። ፊደል አብሮ ሊነሣ ከጀመረ ቴፑን ወደነበረበት መልሰው በስኩዊጂ ደግመው ይጫኑትና ከሌላው ጫፍ ይጀምሩ።

ከውስጥ በኩል የሚለጠፍ ከሆነ ዲዛይኑን ከመላክዎ በፊት በመስታወት እንደሚታይ መገልበጥ አለብዎት። ለደንበኛው ደግሞ ቢያንስ ለአንድ ቀን መስታወቱን እንዳያጥብ ይንገሩት፤ ሙጫው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ወዲያው አይደለም።